ካርታ ለማያውቅ ጓደኛ

የዛሬውን ዝግጅት የምጀምረው በድምፅ ነው። ሬዲዮውን ትንሽ ከፍ አድርጉትና አዳምጡ።

(ጠረጴዛ በጣት ሲንኳኳ ይሰማል፤ አሥር ሰከንድ ያህል)

ምን ዘፈን ነበር? ከጎናችሁ ሰው ካለ ተጠያየቁ። እኔ ሳንኳኳ ጭብጨባውም፣ ከበሮውም፣ የልጃገረዶቹ ድምፅም በጆሮዬ ነበር፤ «አበባየሆሽ» ነው! እናንተ ዘንድ የደረሰው ግን ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ብቻ ነው።

ኤሊዛቤት ኒውተን የምትባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዶክትሬት ጥናቷ ያደረገችው ይህንኑ ነው። አገር የሚያውቃቸውን ዘፈኖች አንዱ በጣቱ እንዲያንኳኳ፣ ሌላው ሰምቶ እንዲያውቅ አደረገች። አንኳኪዎቹን «ስንቱን የሚያውቁላችሁ ይመስላችኋል?» ስትላቸው፣ ግማሹን አሉ። ከተንኳኩት 120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ነበሩ። ዘፈኑ በጭንቅላቱ ውስጥ የሚዘፍንለት ሰው፣ ሌላው የሚሰማው ኳኳታ ብቻ መሆኑን ማሰብ ይቸግረዋል።

ካርታ የሚያውቅ ሰው ጓደኛውን ለማስተማር ሲቀመጥም እንዲሁ ነው። «ቀላል ነው እኮ!» ብሎ ይጀምራል። «አሥር አሥር ይታደላል፣ ከመሀል ትስባለህ፣ አንድ ትጥላለህ፣ ሦስት ሦስት ታያይዛለህ፣ ትርፍህ አሥርና ከዚያ በታች ሲሆን ታንኳኳለህ፤ ግን እሱ ካንተ ካነሰ ይቀጣሃል፤ ጂን ከሆነ ደግሞ ማስጠጋት የለም...» ጓደኛው ራሱን ይነቀንቃል። ይሉኝታ ይዞት እንጂ አንዱም አልገባውም። ትርፍ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ትርፉ ስንት ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ተነግሮታል። ትንሽ ቆይቶ «ተወው፣ እኔ ካርታ አይሆንልኝም» ብሎ ስልኩን ያወጣል። ይሆንለት ነበር፤ ነገሩ ከጭራው ስለተነገረው ነው።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ካርታን ለማያውቅ ጓደኛ ከራሱ ጀምሮ እንዴት እንደሚነገር ነው። ለምሳሌ የመረጥኩት ጂን ራሚ የተባለውን ጨዋታ ነው። ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ ስለሆነ አስተማሪና ተማሪ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ዙር ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እንደገና መጀመር ይቻላል። ኮንከር የምትጫወቱ አድማጮችም አያያዙን ስትሰሙ ዘመዱን ታውቁታላችሁ። ጨዋታውን ፈጠረ እየተባለ ስሙ የሚነሳው ኤልዉድ ቤከር የሚባል የኒው ዮርክ ሰው ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1909። ቤከር ዊስት የተባለውን የካርታ ጨዋታ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ ካርታ ማስተማር ሥራው ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የሆሊዉድ ተዋንያን በቀረፃ መሀል እየተጫወቱት ስሙ ገነነ።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ጓደኛችሁ ከዚህ በፊት ካርታ ይዞ የማያውቅ ከሆነ ከካርታው ጀምሩ። ብዙዎቻችን ይህን እንዘለዋለን። ጆከሮቹን አውጡና 52ቱን ካርታ በአራት ረድፍ ዘርጉለት። ልብ አንድ ረድፍ፣ ዳይመንድ አንድ ረድፍ፣ አበባ አንድ ረድፍ፣ ስፔድ አንድ ረድፍ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ 13። ከኤስ ተነስቶ በጣቱ እየነካ ይቁጠር፤ ከ10 በኋላ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ መሆኑን ራሱ ይየው። በዚህ ጨዋታ ኤስ ምንጊዜም 1 ነው፣ ከኪንግ በላይ ወጥቶ አይደረደርም። ሌላ ጨዋታ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና አስቀድማችሁ ንገሩት።

ካርታው ተዘርግቶ ሳለ ትንሽ ወሬ ካማራችሁ፣ በኢስታንቡል የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ከግብፅ ማምሉኮች ዘመን የተረፈ ካርታ አለ። እሱም አራት መልክ ነው፦ ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ጎራዴና የፖሎ ዱላ። አውሮፓ ካርታን ያወቀችው እ.ኤ.አ. በ1370ዎቹ ነው፤ የፍሎረንስ ከተማማ ገና ሲገባ፣ በ1377 ደንብ አውጥታበታለች። ልብና ስፔዱን በ15ኛው መቶ ዘመን የሳሉት ፈረንሳዮች ናቸው። ጆከር የመጣው ከሁሉም በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ ነው። ወሬው ይብቃ፤ የሰበሰባችሁትን ካርታ ለጓደኛችሁ ስጡትና እሱ ይበውዘው።

እሱ ይበውዘው ያልኩት ለይስሙላ አይደለም። ካርታ በእጁ ያልተላመደ ሰው ግማሽ ሐሳቡ ካርታው እንዳይወድቅበት በመጠንቀቅ ያልቃል። ይበውዝ፣ ይበተንበት፣ ይልቀም። ስንት ጊዜ ይበወዝ ለሚለው የሒሳብ ሰዎች መልስ አላቸው፤ ዴቭ ቤየርና በወጣትነቱ ምትሃተኛ የነበረው ፐርሲ ዲያኮኒስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ካርታውን ለሁለት ከፍሎ እርስ በርሱ እያስገቡ ሲበወዝ 52ቱ በደንብ የሚደባለቁት ሰባት ጊዜ ያህል ሲደገም ነው ብለዋል። እኛ ብዙ ጊዜ እንደምናደርገው ከላይ ከላይ እያነሱ መበወዝማ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይፈልጋል።

አሁን ሕጉን ልትነግሩት አፋችሁን ትከፍቱ ይሆናል። ቆዩ። መጀመሪያ መድረሻውን አሳዩት። አሥር ካርታ መርጣችሁ ገልጣችሁ ፊቱ አስቀምጡ፤ ከልብ 4፣ 5፣ 6፤ ከዚያ ሦስት 9ኞች፤ ከዚያ አራት ኪንጎች። «እዚህ መድረስ ነው ፍላጎታችን» በሉት። ልብ 4፣ 5፣ 6 ለምን አንድ ላይ ሆኑ? መልካቸው አንድ ስለሆነና ስለሚከታተሉ። 9ኞቹስ? ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ። ማንኛውም ጥምረት ከሦስት ካርታ አያንስም። ከዚያ ከኪንጎቹ ሁለቱን አንሱና በቦታቸው የአበባ 3ንና የስፔድ 2ን አስገቡ። «አሁንስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሁለቱ ኪንጎች ጋር አራት ካርታ ባዶውን እንደቀረ ራሱ ያየዋል። ትርፍ ማለት እንግዲህ እነዚህ ናቸው። ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ እያንዳንዳቸው 10 ይቆጠራሉ፤ ኤስ 1፤ ሌሎቹ የያዙትን ቁጥር። ያየውን ትርፍ ይደምር፤ 10፣ 10፣ 3፣ 2፤ ሃያ አምስት። ትርፍ ማሳነስ የጨዋታው ነፍስ መሆኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

የመጀመሪያውን ዙር የሁለታችሁንም እጅ ገልጣችሁ ተጫወቱ። አሥር አሥር አድሉ፤ ሃያ አንደኛውን ካርታ ገልጣችሁ መሀል አስቀምጡ፤ የቀረውን ከጎኑ ዝጉት። ያላደለው ሰው የተገለጠውን ካርታ ልውሰድ አልውሰድ ብሎ ይመርጣል፤ እሱ ካልፈለገ ያደለው ይመርጣል፤ ሁለቱም ካልፈለጉት ያላደለው ከተዘጋው ይስባል። ከዚያ በኋላ ነገሩ አንድ ነው፦ ከተዘጋው ወይም ከተጣለው አንድ ትወስዳለህ፣ አንድ ትጥላለህ፤ እጅህ ሁልጊዜ አሥር ነው። በዚህ ዙር ነጥብ የለም፣ ማንኳኳት የለም፣ ቅጣት የለም። ማን ቀድሞ አሥሩንም ያያይዛል፣ ይኸው ነው። እናንተም ስትጥሉ የምትጥሉበትን ምክንያት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ኪንጉን የምጥለው 10 ስለሚያስቆጥርብኝ ነው፤ ደግሞም ኪንግ የሚከታተለው ከጃክና ከኩዊን ጋር ብቻ ነው። 7 ቢሆን ከ5ና 6 ጋር፣ ከ6ና 8 ጋር፣ ከ8ና 9 ጋር ይሄድልኝ ነበር።» ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ተማሪ መሀከለኛ ቁጥሮችን ለምን እንደሚያስቀር ደግማችሁ አትነግሩትም።

ሁለተኛውን ዙር እጃችሁን ደብቁ፤ ማንኳኳትንም ጨምሩ። ትርፉ 10 ወይም ከዚያ በታች የደረሰ ሰው አንዱን ካርታ ገልብጦ ይጥልና ጠረጴዛውን አንኳኩቶ እጁን ይዘረጋል። የእሱ ትርፍ ከሌላው ትርፍ ላይ ተቀንሶ ልዩነቱ የአንኳኪው ነጥብ ይሆናል። አሥሩንም ካርታ አያይዞ ትርፍ ያጣ ሰው «ጂን» ይላል፤ የሌላውን ትርፍ በሙሉ ይወስድና 25 ይጨመርለታል። ከተዘጋው ሁለት ካርታ ብቻ ቀርቶ ማንም ካላንኳኳ ዙሩ ይሰረዛል። ለሁለተኛው ዙር ይህ ይበቃል።

ሦስተኛው ዙር ላይ ነው ጨዋታው የሚጣፍጠው። ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አድማጮች ጻፉት፤ አንድ እጅ አብረን እንጫወት።

በእጃችሁ ያለው ይኸ ነው እንበል፦ ልብ 4፣ 5፣ 6 ተከታትለዋል። 9ኞች ሦስት አሏችሁ፤ አበባ፣ ስፔድና ዳይመንድ። ትርፋችሁ ኪንግ ስፔድ፣ 7 ዳይመንድ፣ 3 አበባና 2 ስፔድ ነው። ድምሩ 22። ስባችሁ ኤስ ዳይመንድ መጣላችሁ፤ ኪንጉን ጣላችሁ። ትርፉ 7፣ 3፣ 2ና 1 ሆነ፤ 13። ገና ነው። ቀጥሎ ስትስቡ 4 አበባ መጣ። 7ን ገልብጣችሁ ብትጥሉ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ይቀራችኋል፤ ልክ 10! ጓደኛችሁ የያዘውን አታዩም። ታንኳኳላችሁ?

ጀማሪ ሁሉ ያንኳኳል። እሺ፣ ይንኳኳ።

(አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ሲንኳኳ ይሰማል)

አሁን የጓደኛችሁ እጅ ይገለጥ። ሦስት ኩዊኖች አሉት፤ ስፔድ 6፣ 7፣ 8 ተከታትለውለታል። ትርፉ 7 ልብ፣ 9 ልብ፣ 5 ዳይመንድና 2 አበባ ነው፤ ድምሩ 23። ከ23 ላይ 10 ተቀንሶ 13 ነጥብ አገኘሁ ብላችሁ እርሳሱን ታነሳላችሁ። አይደለም፤ አንድ ያልነገርኳችሁ ሕግ አለ። የተንኳኳበት ሰው ትርፉን በአንኳኪው ጥምረት ላይ ማስጠጋት ይችላል። 7 ልብን ወስዶ ከልብ 4፣ 5፣ 6 ጎን ያስጠጋዋል። 9 ልብን ወስዶ በሦስቱ 9ኞች ላይ ይጨምረዋል፤ አራት ሆኑ። ምን ቀረው? 5ና 2፤ ሰባት። የእናንተ 10፣ የእሱ 7። ያንኳኳው እናንተ፣ ያሸነፈው እሱ! ልዩነቱን 3 ይወስዳል፤ በላዩ ላይ ቅጣት 25 ይጨመርለታል፤ 28። ቅጣቱን 10 ወይም 20 የሚያደርጉም አሉ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ። በጂን ላይ ግን ማስጠጋት አይፈቀድም፤ ጂን ያለ ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው።

ማስጠጋትን ሆን ብዬ እስከ አሁን የደበቅኩባችሁ ለዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብነግራችሁ ኖሮ በዚህ ጆሮ ገብቶ በዚያ ይወጣ ነበር። አሁን ግን 13 ነጥብ ከእጃችሁ ሲወጣ አይታችኋል። ለጓደኛችሁም ሕጉን ነጥብ ከኪሱ ሊወጣ ሲል ንገሩት፤ አይረሳውም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ ታዲያ፦ በዚህ ሕግ በምትጠቀሙበት የመጀመሪያ ቀን ነጥቡን አትመዝግቡበት። ያልተነገረው ሕግ ያስቀጣው ተማሪ ቢኮርፍ እውነት አለው።

ሕግን አንድ አንድ እያሉ መጨመር የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዴቪድ ዉድ፣ ጄሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች የእንጨት ቁርጥራጮች ገጣጥመው ፒራሚድ ሲሠሩ አስተማሪዋ እንዴት እንደምትረዳቸው ተከታትለዋል። ልጁ የሚችለውን ራሱ እንዲሠራ ትተወዋለች፤ ሲያቅተው ብቻ ትገባለች፤ ሲሳካለት እጇን ትሰበስባለች። ግንበኛ ግድግዳው እስኪቆም የሚያቆመውን የእንጨት መወጣጫ ሲጨርስ እንደሚያፈርሰው ነው፤ ጥናቱ ለዚህ ዓይነት እርዳታ የሰጠው ስያሜም ከዚያው የተወሰደ ነው። ካርታ ላይ የሚያስቸግረው ማፍረሱ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ደርሰን እንኳ እጃችን ወደ ጓደኛችን ካርታ ይዘረጋል፤ «እሱን አትጣል! ያንን ጣል!» እንላለን። ካርታውን አትንኩበት። «ምን ልጣል?» ብሎ ከጠየቃችሁ «ከትርፍህ የሚከብድህ የትኛው ነው?» በሉትና ዝም በሉ። ዝምታው ከሁሉ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ሻይ ጠጡበት።

ሆን ብሎ መሸነፍ የሚባለውንም አልወደውም። ትልቅ ሰው ሲለቁለት ያውቃል፤ ከመሸነፍ ይልቅ ያ ያሳፍረዋል። ልታግዙት ከፈለጋችሁ በግልጽ አግዙት፦ «ለዛሬ እኔ በ5ና ከዚያ በታች ብቻ ነው የማንኳኳው፣ አንተ በ10 አንኳኳ» በሉት። ስምምነት ነው፣ ማታለል የለበትም።

ተማሪያችሁ በዕድሜ የሚበልጧችሁ ሰው ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጡረታ የወጡ አባት ወይም ጎረቤታችሁ የሆኑ እማማ ካርታ ልማር ሲሉ የልጅ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ከበው ከሳቁባቸው ሁለተኛ አይቀመጡም። ለብቻቸው አስተምሯቸው። «ተሳስተዋል» ከማለት «አባባ፣ እስኪ አንዴ ደግመው ይዩት» ማለት ይበቃል። ዓይን ለደከመ ሰው ቁጥሩ በትልቁ የታተመ ካርታ ይሸጣል፤ ካላገኛችሁም በደማቅ ብርሃን ተጫወቱ። አሥር ካርታ በአንድ እጅ መዘርጋት ለሚያማቸው ጣቶች ከባድ ነውና ከፊታቸው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አጋድማችሁ ካርታውን ወደ ራሳቸው አዙረው ያስደግፉበት።

ካርታ ሲነሳ ቁማር ብሎ ፊቱን የሚያዞር አድማጭ እንዳለን አውቃለሁ። ቤታቸው በካርታ የተፈታ ሰዎች ባሉበት አገር ይህን ስጋት የማይረባ ማለት አይቻልም። በእኔ አስተያየት በተለይ ጀማሪ በሚማርበት ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ መቅረብ የለበትም፤ አምስት ብርም ቢሆን። ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጦ ገንዘብ የሚያስይዝ ጀማሪ የሚማረው ካርታ ሳይሆን መበላት ነው። ጂን ራሚ የራሱ ነጥብ አለው፤ ቀድሞ 100 የደረሰ ያሸንፋል፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። የግድ አንድ ነገር ይያዝ ካላችሁ የተሸነፈው ቡና ያፍላ።

ስለዚህ ካርታ ያላችሁ አድማጮች፣ በዚህ ሳምንት ካርታ የማያውቅ አንድ ወዳጃችሁን ጥሩ። ጆከሮቹን አውጡ፣ እሱ ይበውዝ፣ የመጀመሪያውን ዙር ገልጣችሁ ተጫወቱ፤ «ቀላል ነው» የሚለውን ቃልም ተዉት።